ከጅብ ዓይን እስከ ሰይጣን ቤት

የአስፈሪ ፊልም ታሪክ በመጻሕፍት ሲጻፍ የሚጀምረው ፈረንሳይ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ከእንጅባራ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን መነሻው ከዚያ በብዙ ይርቃል። ፊልሙ የመጣው ኋላ ነው፤ ጨለማው፣ ጅቡ፣ የሚያፈጠው ዓይንና እሳት ዳር ተኮራምቶ «ከዚያስ?» የሚለው ሰሚ ቀድመው ነበሩ።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ እንጅባራ ኮሶበር በሚለው ስሟም ትታወቃለች። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተቀምጣለች። ብርዷ ይታወቃል፤ ክረምት ሲሆን ጉሙ ወርዶ ቀርከሃውንም ቤቱንም ይውጠዋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ዝም ብሎ ተኝቷል። አስፈሪ ፊልም ሠሪ ገንዘብ ከፍሎ በጭስ ማሽን የሚያመጣው ነገር ሁሉ እዚህ በነጻ አለ።

በዚህ አካባቢ የታየ አንድ እውነተኛ የአስፈሪ ፊልም ትዕይንት በጽሑፍ ተቀምጦ ይገኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የአገውን ምድር አቋርጦ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ትልቅ የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጅብ ሲጽፍ፣ ሜጫ ውስጥ የሆነውን የአንድ ሌሊት ነገር ይተርካል። ብሩስ ድንኳኑ ውስጥ ተመስጦ ሥራውን እየሠራ ሳለ ከኋላው አንድ ነገር ወደ አልጋው ሲያልፍ ይሰማዋል። ዞር ብሎ ያያል፤ ምንም የለም። ሥራውን ጨርሶ ለአፍታ ወጣ ይልና ተመልሶ ሲገባ ሁለት ትላልቅ ሰማያዊ ዓይኖች በጨለማው ውስጥ ፈጠውበታል። አሽከሩን መብራት ይዞ እንዲመጣ ይጠራል። መብራቱ ሲመጣ ጅቡ ከአልጋው ራስጌ ቆሟል፤ አፉ ውስጥ ሁለት ሦስት እስር ሻማ ነክሷል። ጅቡ የፈለገው ሰውን ሳይሆን የሻማውን ሞራ ነበር። ብሩስ በጦር ወጋው፤ አሽከሩም በመጥረቢያ ጨረሰው።

ይህችን ትንሽ ታሪክ ልብ ብሎ ላነበበ ሰው የኋላው ዘመን ፊልም ሥርዓት በሙሉ እዚያው አለ። መጀመሪያ የማይታይ ነገር ኮሽታ፣ ቀጥሎ ባዶ ሆኖ የሚገኝ ክፍል፣ ቀጥሎ ተመልካቹ ልቡን ሲያሳርፍ የሚመጣ ዓይን፣ በመጨረሻም መብራት። የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ይህን ቅደም ተከተል አጥንተው ለመሸጥ 160 ዓመት ያህል ጠብቀዋል።

ብሩስ ሌላም ነገር መዝግቧል። የጎንደር ሰዎች በሌሊት መንገድ የሚሞሉትን ጅቦች ተራ አውሬ ናቸው ብለው አያምኑም ነበር፤ በአስማት ተለውጠው የመጡ ሰዎች ናቸው ይሉ ነበር። ከእሱ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ጆሮአቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ስለተገኘባቸው ጅቦች ጽፏል። የእሱ ባልንጀራ ዊልያም ኮፊን ደግሞ አሽከሩ በማምሻ ፈቃድ ጠይቆ ሲወጣ፣ ሌሎቹ አሽከሮች «ያው ጅብ ሆነ!» ብለው ሲጮኹ፣ ዞር ብሎ ሲያይ ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ጅብ ሲሮጥ ማየቱን ተናግሯል። አሽከሩ በነጋታው ተመልሶ መጣ። አውሮፓ ተኩላ የሚሆን ሰው ነበራት፤ የኢትዮጵያ ደጋ ጅብ የሚሆን ሰው ነበረው።

ያ ሰው ስም አለው፤ ቡዳ ይባላል። የቡዳ ኃይሉ በዓይኑ ነው። ያየውን «ይበላል»፤ የተበላው ሰው ይታመማል፣ ይለፈልፋል፣ ማን እንደበላው በጭስና በጥያቄ እንዲናዘዝ ይደረጋል። እናት ልጇን ሰው ፊት ይዛ ለመውጣት የምትሰጋው፣ የሚያምር ሕፃን ሲታይ ምራቅ እንትፍ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የእሳት ዳር ጨዋታ ይመስላል። ክፋቱ ያለው ሌላ ዘንድ ነው፦ ቡዳ የተባለው ሰው ጫካ ውስጥ የሚኖር ጭራቅ አልነበረም፤ ጎረቤት ነበር። ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ጋቢውን የሚሸምነው ሸማኔ፣ ጀበናውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ ነበር። ሰው እጃቸው ከሠራው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይለብሳል፤ ልጁን ግን አይድርላቸውም፤ ሲመሽም ዓይናቸውን ይሸሻል። ስለ አስፈሪ ፊልም ጥቅም ሲወራ ይህ ልዩነት መረሳት የለበትም። ድራኩላን በፊልም የተጫወተው ቤላ ሉጎሲ ጥቁር ካባውን ከሥራ በኋላ አውልቆ ይሰቅለዋል፤ ቡዳ የተባለ ሰው የሚሰቅለው ካባ አልነበረውም።

ፍርሃትን በሥዕል ማሳየትም ከሲኒማ በፊት የነበረ ሙያ ነው። የወላድና የሕፃናት ጠላት ተብላ የምትታወቀው ወርዝልያ በደብተራ እጅ በተጻፈ የብራና ክታብ ላይ ትሣላለች፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋት ይታያል። ክታቡ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ከላይ እስከ ታች የሚያፈጡ ዓይኖች ይሞሉታል። ክፉን ዓይን የሚመልሰው ዓይን ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በየጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሽምጥ ሲጋልቡ ያየ ሰው ሱስንዮስም ጊዮርጊስም ጭራቅን ለምን ከኮርቻ ላይ ሆነው እንደሚወጉ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው፤ ፈረሱ ግን በአገው ልማድ ከማኅበሩ በጣም ይቀድማል።

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም የራሱ ሕግ ነበረው። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች፣ አሳዳጆችና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ምእመን ከሩቅ አይቶ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል እንደ በላዔ ሰብ ልብ የሚይዝ የለም። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው የቅምሩ በላዔ ሰብ ደግ ሰው ነበረ፤ ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ አታለለውና የገዛ ልጁን አረደ፤ ከቀመሰ በኋላ ሰው መብላት ጀመረ፤ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን በውሃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም በእመቤታችን ስም ለመነው፤ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሱ ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን ጥላ ተደግፋ ሚዛን ደፋች። አስፈሪውን ሰው መፍራት ብቻ ሳይሆን ለእሱ ማዘንም የሚቻል መሆኑን ይህ ሥዕል ለዘመናት አስተምሯል። ይህ ነገር ኋላ የፍራንከንስታይንን ጭራቅ የተጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ ጋ ሲደረስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ፓሪስ። የሉሚዬር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ለከፋይ ሕዝብ ያሳዩት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። በቀጣዩ ዓመት አስማተኛው ዦርዥ ሜሊየስ የሦስት ደቂቃ ያህል ፊልም ሠራ። የሌሊት ወፍ አዳራሽ ውስጥ ትበራለች፣ ድንገት ሰይጣን ትሆናለች፤ ከጋን ውስጥ ሴት ትወጣለች፤ በመጨረሻ አንድ መስፍን መስቀል ሲያነሳ ሰይጣኑ ይጠፋል። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም ይሉታል። ርእሱ በአማርኛ ቢመለስ «የሰይጣን ቤት» ነው።

ዓመቱ የዓድዋ ዓመት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ብዙም ሳይቆዩ፣ በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ ፊልም በቤተ መንግሥታቸው አዩ። ከዚያ በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ ፊልም የሚያሳይ አዳራሽ ሲከፈት የከተማው ሰው ስም አወጣለት፦ ሰይጣን ቤት። ስሙን ያወጡት ሰዎች የሜሊየስን ፊልም አይተው አልነበረም። ሁለት አገር፣ ሁለት ሕዝብ፣ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር በአንድ ስም መጥራታቸው የዚህ ታሪክ ትልቁ ግጥምጥሞሽ ነው። ሆኖም ስሙ የሞኝ ሰው ስም ተደርጎ መሳቂያ መሆኑ አግባብ አይደለም። ጨለማ ክፍል፤ ከሰው ጀርባ የሚመጣ ጨረር፤ ነጭ ጨርቅ ላይ የሞተ ሰው ሲሄድ፣ ሲስቅ፣ ሲያይ። በጎን የተሣለ ባለ አንድ ዓይን ሰው ማን እንደሆነ ከሕፃንነቱ የተማረ ተመልካች፣ ድንገት በጎን ዞሮ የሚሄድ ጥላ ሲያይ ምን ሊለው ኖሯል? ስልክ በገባ ጊዜም ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደነበር ይነገራል። ከስልኩ ላይ ስሙ ቶሎ ተነሣ፤ ከሲኒማው ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይለቅ ቆየ፤ ምክንያቱም ሲኒማ በእርግጥም ጥላን ሕያው የሚያደርግ ሥራ ነው።

ያን ጥላ ወደ ሥነ ጥበብ የለወጡት ጀርመኖች ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ ገንዘብ የለም፣ መብራት በራሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣው የሮበርት ቪነ «የዶክተር ካሊጋሪ ክፍል» ጥላውን በመብራት ከመፍጠር ይልቅ ግድግዳው ላይ በቀለም ቀባው፤ ቤቶቹ ጠማማ፣ መስኮቶቹ ሰያፍ፣ መንገዱ እንደ ቢላ የሾለ። ርቀትንና ቅርበትን በአውሮፓ ሥዕል ሕግ ለማሳየት የማይጨነቀውን የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የለመደ ዓይን ይህን ፊልም ከብዙ አውሮፓዊ ይልቅ በቀላሉ ይቀበለዋል። በእንቅልፍ ልቡ እየሄደ የሚገድለውን ሰው የተጫወተው ኮንራድ ፋይት የዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው ትልቅ ፊት ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሚስቱ አይሁዳዊት ስለነበረች አገሩን ለቀቀ፤ በኋላ «ካዛብላንካ» ውስጥ የናዚ መኮንን ሆኖ ተጫወተ። እውነተኛውን አስፈሪ ሸሽቶ፣ ፊልም ላይ እሱኑ መሰለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሙርናው «ኖስፌራቱ» መጣ። አይጥ የመሰለ ፊት፣ ረጅም ጥፍር፣ የማይርገበገብ ዓይን ያለው ማክስ ሽሬክ ደረጃውን ሲወጣ የሚታየው ራሱ ሳይሆን ጥላው ነው። በኩራዝ ብርሃን ያደገ ልጅ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል፤ የአባቱ ጥላ በጭቃ ግድግዳ ላይ ጣሪያ ድረስ ሲረዝም አይቷል። ፊልሙ የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ያለ ፈቃድ የወሰደ ስለነበረ የደራሲው ሚስት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ። እንዲያም ሆኖ አልጠፉም። ሊቀበር ተፈርዶበት የተነሣ ብቸኛው ፊልም ሳይሆን አይቀርም።

አሜሪካ ውስጥ በዚያን ጊዜ ሎን ቼኒ ነግሦ ነበር። ወላጆቹ ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ ልጃቸው ከቃል በፊት በፊትና በእጅ መናገር ተማረ። ድምፅ ለሌለው ፊልም ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ገጹን የሚሠራው ራሱ ነበር፤ የሜካፕ ሳጥኑን ይዞ ይዞራል፣ ምሥጢሩን ለማንም አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣው «የኦፔራው መንፈስ» ላይ ኦርጋን እየተጫወተ ሳለ ልጅቷ ከኋላው ቀስ ብላ መጥታ ጭምብሉን ትገፍፈዋለች፤ ተመልካቹ ፊቱን ከእሷ በፊት ያየዋል። ቼኒ በ1930 ሞተ። ድምፅ ያለው ፊልም በሚያስፈልገው ሰዓት ዙፋኑ ባዶ ሆነ።

ዙፋኑን ሁለት ስደተኞች ተካፈሉት፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1931፣ በአንድ ኩባንያ፣ በዩኒቨርሳል። ቤላ ሉጎሲ ሃንጋሪያዊ ነው፤ የመድረክ ተዋናይ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ከፖለቲካ ውጣ ውረድ ሸሽቶ ወጣ። ድራኩላን ብሮድዌይ መድረክ ላይ ከተጫወተው በኋላ ቶድ ብራውኒንግ ለፊልም ወሰደው። ዛሬ ፊልሙን ለሚያይ ሰው የሚገርመው ነገር የሌለው ነው፦ የሾለ ጥርስ የለም፣ ደም እምብዛም አይታይም። ያለው ዝግ ያለ ንግግር፣ ካባና ዓይን ነው። የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ የሉጎሲ ፊት ጨልሞ ዓይኖቹ ብቻ እንዲበሩ ቀጭን መብራት ዓይኑ ላይ አነጣጠረ። የጄምስ ብሩስ ድንኳን ውስጥ የነበረው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ሉጎሲ ሻማ አለመንከሱ ነው። ድራኩላ የሚያሸንፈውም እንደ ቡዳ ነው፤ በማየት።

ካርሎፍ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። እውነተኛ ስሙ ዊልያም ሄንሪ ፕራት፣ የለንደን ልጅ፣ የዘሩ አንድ ወገን ህንዳዊ፣ እስከ 44 ዓመቱ ድረስ ከአነስተኛ ሚና ወደ አነስተኛ ሚና የተንከራተተ። ጄምስ ዌል «ፍራንከንስታይን» ላይ ለጭራቁ ሲመርጠው የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ በየጠዋቱ ለሰዓታት ተቀምጦ ግንባሩን ካሬ፣ አናቱን ዝርግ፣ የዓይን ሽፋኑን በሰም የከበደ አደረገው። በመግቢያው የተዋናዮች ዝርዝር ላይ ከጭራቁ ጎን ስም የለም፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀምጧል። ፊልሙ ሲያልቅ አሜሪካ የምትጠይቀው ስለዚያ ምልክት ነበር።

ከፊልሙ ውስጥ አንድ ትዕይንት ብቻ ቢቀር የሐይቁ ትዕይንት መቅረት ነበረበት። ጭራቁ ሸሽቶ ሲሄድ ሐይቅ ዳር ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ያገኛል። ልጅቷ አትፈራውም፤ አበባ ትሰጠዋለች፤ አበባውን ውሃ ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ ያያሉ። ጭራቁ ይስቃል፤ በፊልሙ ሙሉ ደስ ያለው እዚህ ብቻ ነው። አበባው ያልቃል። እጆቹን ያያል፤ ልጅቷም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ ይመስለዋልና አንሥቶ ይጥላታል። ሳንሱሩ ይህን ክፍል ቆረጠው፤ ለአሥርተ ዓመታት ተመልካች ያየው እጁን ሲዘረጋ ብቻ ነበር። መቁረጡ ነገሩን አባሰው፤ ምን እንዳደረጋት እያንዳንዱ ተመልካች የከፋውን በራሱ አሰበ። ቁራጩ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመልሶ ሲገባ ነው ጭራቁ ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን ያላወቀ ፍጡር መሆኑ የታየው። ካርሎፍ የተጫወተው በላዔ ሰብን ነው ማለት ይቻላል፤ ሚዛኑ ላይ ጥርኝ ውሃ የሚያኖርለት ብቻ አጣ።

ከዚያ መንደሩ ችቦ ይዞ ይወጣል። ለኢትዮጵያዊ ችቦ የደመራና የዘመን መለወጫ ደስታ ነው፤ እዚህ ግን የአደን መሣሪያ ነው፤ ሕዝቡ ጭራቁን ወፍጮ ቤት ውስጥ ከትቶ ያቃጥለዋል። ዌል ካሜራውን ከማን ጋር እንዳቆመ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከሕዝቡ ጋር አይደለም። አንድ ሰው ቡዳ ተብሎ ሲጠራ መንደሩ ምን እንደሚመስል፣ ከተጠራው ሰው በር ሆኖ ማየት ማለት ይህ ነው። ካርሎፍ እስከ ሞቱ፣ እስከ 1969 ድረስ፣ ስለዚያ ጭራቅ በፍቅር ያወራ ነበር። በሥራው የተሠቃየ ሰው ስለነበረም እ.ኤ.አ. በ1933 የፊልም ተዋናዮችን የሠራተኛ ማኅበር ከመሠረቱት መካከል አንዱ ሆነ። ሉጎሲ ግን ከካባው መውጣት አልቻለም። ዕድሜው በሱስና በርካሽ ፊልም አልቆ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሞት ካባውን ለብሶ ተቀበረ።

እነዚህ ፊልሞች ዓለምን በሚዞሩበት ጊዜ ኢትዮጵያ በጣሊያን ወረራ ሥር ወደቀች። ወራሪው ሲኒማን እንደ መንገድና እንደ ምሽግ ያየው ነበር፤ አስመራ ላይ በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ አዲስ አበባም ሌሎች ከተሞችም አዳራሽ ተሠራላቸው፤ መግቢያውና መቀመጫው ግን ዘር የለየ ነበር። እንጅባራና ዳንግላ የተሠራላቸው ምሽግ ነው። የጎጃም አርበኞችና የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጌዴዎን ጦር በሚያስጨንቁት ጊዜ፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ገደማ፣ የጣሊያን ጦር እነዚህን ምሽጎች ለቆ ሸሸ። በዚያው የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ ሆሊዉድ ላይ «ተኩላው ሰው» ወጣ። የትልቁ ቼኒ ልጅ ሎን ቼኒ ጁኒየር ጨረቃ ስትወጣ ወደ አውሬ የሚለወጠውን ምስኪን ተጫወተ፤ ፀጉሩን አንድ በአንድ የሚለጥፍበት ጃክ ፒርስ ነበር። ድርሰቱን የጻፈው ኩርት ሲዮድማክ ከናዚ ጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ ነው። በድርሰቱ ውስጥ ቀጥሎ የሚገደለው ሰው መዳፍ ላይ ኮከብ ይታያል። ኮከብ የሰው ልብስ ላይ ተሰፍቶ ሞት የሚያስከትልበት ዘመን ነበርና ተመልካች ነገሩን እንዴት እንደሚያነብበው ግልጽ ነው። የኮፊንን አሽከር ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ከተኩላው በቀር አዲስ የሆነ ነገር የለበትም።

ከነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒርና አምባሳደር፣ በውጭ ፊልም ተሞሉ፤ ኋላም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ከመድረክ ሥራው ጋር ፊልም አሳየ። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ታሪክ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ የመረጠው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ይህ ምርጫ ለብዙ ዘመን የአማርኛ ፊልም ምርጫ ሆኖ ቀረ።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሐመር የተባለ ትንሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ፍራንከንስታይንና ድራኩላን በቀለም አስነሣቸው። ደሙ ቀላ። ክሪስቶፈር ሊ ረጅም፣ ፈጣን፣ ዝምተኛ ድራኩላ ሆነ፤ በ1966ቱ ፊልም አንዲት ቃል አይናገርም። አሳዳጁ ፒተር ኩሺንግ እጅግ ጨዋ፣ በእጁ የያዘውን ዕቃ ሁሉ በእውነት የሚጠቀም ተዋናይ ነበር። ፊልም ላይ ሲገዳደሉ የኖሩት እነዚህ ሁለት ሰዎች ከፊልም ውጭ የልብ ወዳጆች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ቪንሰንት ፕራይስ በተመሳሳይ ዘመን ፍርሃትን ከፈገግታ ጋር አስተሣሥሮ ይሸጥ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ፊልሞቹን ካየው ይልቅ ድምፁን የሰማው ይበዛል፤ በማይክል ጃክሰን «ትሪለር» መጨረሻ ላይ የሚያወራውና የሚስቀው ወፍራም ድምፅ የእሱ ነው። በደርግ ዘመን ካሴት ሲቀዳዳ የከረመ ወጣት ማንነቱን ሳያውቅ አብሮት ስቋል።

በ1973 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው «ዘ ኤክሶርሲስት» የቀድሞውን ዘመን የዘጋ ፊልም ነው። ጋኔን የያዛት ልጅ በሌላ ድምፅ ትናገራለች፤ ካህን በጸበልና በጸሎት ይጋፈጠዋል። አሜሪካ ውስጥ ሰው አዳራሽ ውስጥ ራሱን ሳተ ተብሎ ተወራ። ጸበል ቦታ ሰው ሲለፈልፍ፣ ዛሩ በስሙ ሲጠየቅና «እወጣለሁ» ሲል በዓይኑ ያየ ጎጃሜ ግን ከዚህ ፊልም ምን ያህል ይደነግጣል? በ1990ዎቹ ዓ.ም. የማጥመቅ ሥነ ሥርዓት ተቀርጾ በቪሲዲ ሲሸጥ የነበረው ገበያ መልሱን ይሰጣል። ያ ቪሲዲ አስፈሪ ፊልም ተብሎ አልተሸጠም፤ ብዙ ሰው ግን ማታ መብራት ሳያጠፋ ተሰብስቦ ያየው ነበር። በፊልሙና በቪሲዲው መካከል ያለው ልዩነት አንድና ከባድ ነው፤ ልጅቷን የተጫወተችው ሊንዳ ብሌር ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ቪሲዲው ላይ ያለችው ሴት ግን ሰፈሯ ያውቃታል።

አብዮቱ ሲኒማ ቤቶቹን ወረሳቸው፤ አዳራሹ ወደ ሶቪየትና ወደ ህንድ ፊልም አዘነበለ። የክፍለ ሀገር ከተሞች የሲኒማ ትምህርት ቤት ኋላ የመጣው ቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ በማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ አግዳሚ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም። ቪዲዮ ቤት የራሱን የፊልም ትምህርት አወጣ፤ ዋናው ሕጉ «አክተሩ አይሞትም» የሚል ነው። ካራቴውም ኮማንዶውም ህንዱም ለዚህ ሕግ ይገዛል። አስፈሪ ፊልም ግን ሕጉን ያፈርሳል፤ ጎበዙ በግማሽ ይሞታል፣ ተመልካቹ የሚያስታውሰው አውሬውን ነው። ማለትም አክተሩ ጭራቁ ነው። ካርሎፍን ኮከብ ያደረገው ነገር ቪዲዮ ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ ግራ ያጋባው ነገር ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የአማርኛ ፊልምን ዳግም ወደ አዳራሽ መለሰው፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ በዛ። ፖስተሮቹ ዘርፋቸውን ራሳቸው ይናገራሉ፤ የፍቅር ፊልም፣ አስቂኝ የፍቅር ፊልም፣ የቤተሰብ ፊልም፣ ልብ አንጠልጣይ። ለፍርሃት የቀረበው ልብ አንጠልጣይ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የሚያንጠለጥለው በወንጀልና በበቀል ነው። አስፈሪ ፊልም ከዝርዝሩ የጠፋበት ዋናው ምክንያት የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ አስፈሪ ፊልም በዓለም ሁሉ የድሃ ፊልም ነው፤ ጨለማ ርካሽ ነው። ይበልጥ ክብደት ያለው ምክንያት የአገሩ ተመልካች ጋኔንን እንደ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ አለማየቱ ነው። አንድ ነገር ለመዝናኛ ከመፈራቱ በፊት መጀመሪያ የሌለ መሆኑ መታመን አለበት። ድራኩላ ለኒውዮርክ ሰው የለም። ቡዳ ግን ለብዙ ሰው ዛሬም አለ፤ ያለ ነገር ደግሞ ቲኬት አይሸጥም።

የዚህ ችግር መፍትሔ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የታወቀ ነው። ዌል ካሜራውን ከችቦው ወዲያ ማዶ፣ ከተሳዳጁ ጎን አቆመ፤ ጭራቁም ሰው ሆነ። በእንጅባራ ጉም ውስጥ የሚሠራ የመጀመሪያው ቁም ነገረኛ አስፈሪ ፊልም ከጅቡ ጩኸት ሳይሆን ከቀጥቃጩ ወናፍ አጠገብ ቢጀምር፣ ሲመሽ በሩን ከውስጥ የሚቀረቅረውን ሰው ቢያሳይ፣ ከውጭ የሚመጣውም የጎረቤቶቹ ዓይን ቢሆን፣ ከካርሎፍ ሐይቅ የሚያንስ ትዕይንት አይኖረውም።